ሠላሳ አንድ ጊዜ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ግንቦት 9

የኔ ዓለም፣ የልጄ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? የሰው አገር ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ ግን የጉልበት ወሬ የለም። ያን አስተማሪሽን፣ አቶ ልክነኝን፣ አዋርጄልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ሐሙስ እንግዶች መጡና አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ወለሉን ጨርሼ ከነመወልወያዬ በሩ ሥር ቆምኩ። ሰውየው ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ሒሳብ ያዛል፣ ተፈጥሮ ትታዘዛለች እያለ ሲደሰኩር ቆየ። ከዚያ ያቺን በክር የተንጠለጠለች የናስ ኳስ ይዞ፣ በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ትመላለሳለች ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ለቀቃት። እንግዶቹ ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ።

ጠዋት ስወለውላት ክሩን አንድ ጋት አሳጥሬ ቋጥሬው ነበራ።

ድገሙት አለ። አሁንም ሠላሳ አንድ። ሰዓቱ ነው አለ፣ የቆጠራችሁት እናንተ ናችሁ አለ፣ ሒሳቤ ግን አይሳሳትም አለ። ይኼኔ ያ ፍልስፍና የሚያስተምረው ሽማግሌ ተነሣና፣

«ጌታው፣ ሒሳቡና ኳሷ ከተጣሉ ማነው የሚዳኛቸው?» አለው።

ያንቺው ጥያቄ። ያኔ ሠላሳ አንድ ቆጥረሽ ብትጽፊ ቁጥር ከኪስሽ አወጣሽ አለሽ፤ ይህን ብትጠይቂው ደግሞ ፍልስፍናሽን ሌላ ቦታ አውሪ ብሎ ከትምህርትሽም ካገርሽም ነቀለሽ። ሐሙስ ግን እንግዳ ፊት ማንን ያባርራል? ሽማግሌው እስቲ ክሩን እንለካ አለ፤ ለኩት፣ አንድ ጋት ጎደለ። ሒሳቡ ምን አጠፋ፣ ኳሷስ ምን አጠፋች? እሱ ነው ሳይለካ አምኖ የሚሰብከው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እንዲህ የጣፈጠኝ ቀን አላስታውስም።

ሽማግሌው የደረሰብሽን ብነግረው፣ በነጋታው የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሄዶ ያንቺ ፋይል እንዲታይ ጠየቀልኝ። ሴትዮዋ ግን፣ ያኔም ክሩ አጥሮ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ከሌለ ስሟን ማንጻት አልችልም አለች።

ልጄ፣ አንቺ የለካሽ ሳምንት፣ ኳሷን ሳወርዳት የክሩ ጫፍ ተበጥሶብኝ ነበር። ቆረጥኩና መልሼ ቋጠርኩት፤ ኋላ ክሩን በአዲስ ቀየሩት። የወለል ወልዋይ ቋጠሮ ማንን ይጎዳል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ነገሩ የገባኝ ካባረሩሽ በኋላ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ሰኞ ኃላፊዋ ቢሮ ገብቼ እናገራለሁ። ሥራዬን ከቀሙኝ ይቀሙኝ። ያም ሰውዬ ይስቅብኝ ይሆናል፣ ይሳቅ። አንቺ ግን ከሰው ከምትሰሚው ከኔው ስሚው ብዬ ነው።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ የለካሽው ይስመርልሽ፣ የጠየቅሽው መልስ አይጣ። እርግማኔን ለሱ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ምርቃት ሁሉ ያንቺ ነው። ብትቀየሚኝም እንኳ ጻፊልኝ።

አያትሽ