የእትዬ ትርፌ ቀሚስ

ኅዳር 3 ቀን 1979፣ ጂንካ
አንድ በር ጨረስኩ። መጋዙ ደንዝዟል፤ ነገ መሞረድ አለበት። አበዛሽ ዛሬም ከአልጋ አልወረደችም። ከገዘር ገበያ ስትመለስ ከጭነት መኪና ወድቃ የሰበረችው እግር ገጥሟል፤ ጄሶው ከተፈታ ቆየ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቷት ሲወጣ በር ላይ ጠራኝ። "ባለቤትህ ካልተራመደች ጉልበቷ እንደደረቀ ይቀራል።" ነገርኳት። "ይድረቅ" አለች። ይድረቅ? ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው?

ኅዳር 6
ቅዳሜ። ቀበሌው አዳራሽ፣ ቴሌቪዥን። የድራማዋ እትዬ ትርፌ ቀረበች። ስንት ዓመት ሙሉ ያው ጃንጥላ፣ ያው ጠብ! ዘነበም አልዘነበም ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ቆሜ ልናገር!" ስትል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ድሮ ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው አበዛሽ ነበረች። እኔን ስትቆጣም ማማሰያውን ከፍ አድርጋ "ቆሜ ልናገር!"...
ማታ የዛሬውን ድራማ ተረኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ መቼም እንጨት እንጂ ወሬ አላውቅበትም። ናፈቀችኝ። አጠገቤ ተኝታ ናፈቀችኝ።

ኅዳር 8
አዲስ አበባ ሥራ ስለምድ ያየሁት መስኮት ትዝ አለኝ። ባለቀለም መስታወት፤ ቁርጥራጩ በጥቁር የእርሳስ ብረት ተያይዞ የሰው ምስል ይሆናል። እዚህ መስታወት ከየት ይመጣል? ግን ጎረቤታችን እልፍነሽ ሱቅ ከረሜላ የሚጠቀለልበት፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ባለቀለም ወረቀት አለ። ላጠራቅምልህ ብላለች። መስመሩን ከቀጭን ጣውላ፣ በከሰል አጥቁሬ... እትዬ ትርፌን ከነጃንጥላዋ ከአልጋው ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ላይ አቆማታለሁ። እብደት ነው? ይሁን።

ኅዳር 17
የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ኤርጎ ብቅ አሉ። "ወንድም ዳርጌ፣ ምስል ነው እንዴ የምትሠራው?"
"ጃንጥላ ነው፣ ጋሼ።"
ጠጋ ብለው አዩ። "እትዬ ትርፌ አይደለች እንዴ! ቀሚሷን ለምን ቀይ አደረግከው? አረንጓዴ ነው እኮ።"
እልፍነሽ ከሱቋ ሆና፣ "ቢጫ ነው!"
ወይ ጉድ! ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ፤ ሁሉም ግን በዓይኑ በብረቱ አይቷል።
ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ። "ሰማያዊ ነው! ዓይን የላችሁም?"
አበዛሽ ናት! ስንት ሳምንት ሙሉ ከ"ይድረቅ" እና ከ"ተወኝ" ሌላ ቃል አልወጣትም ነበር። ቀዩን በሙሉ ልልጠው ነው። በደስታ!

ኅዳር 22
መስኮቱ ተገጠመ። ጠዋት ብርሃኑ ብርድ ልብሷ ላይ ወደቀ። እጇን ዘርግታ ሰማያዊውን መዳፏ ላይ አሳረፈችው። "አፍንጫዋ ጠማማ ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ ጣውላው ተሰንጥቆብኝ ነው። ግን አልተነሳችም። በቃ ይኸው ነው? ሲመሽ መዝጊያውን ዘግቼ ተኛሁ።

ኅዳር 23
ዛሬ መዝጊያውን መዝጋት ረሳሁ። ፋኖሱን ሳበራ መስኮቱ ከውስጥ ጨለማ ሆነ። ከውጭ ግን... መንገደኛው ሁሉ ቆመ! "ጃንጥላውን እዩልኝ!" ትላለች እልፍነሽ። ጋሽ ኤርጎ ይስቃሉ። እኔም ወጣሁ።
አበዛሽ ከውስጥ፣ "ምን ታየ? አንተ ዳርጌ! ንገረኝ እንጂ!"
"ወሬ አላውቅበትም። መጥተሽ እዪ።"
ጨከንኩባት ይሆን? ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሮጬ እንዳልገባ ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ። ግድግዳውን እየዳበሰች፣ እኔን እየተራገመች፣ ላብ በላብ ሆና ደጁ ላይ ደረሰች። ክንዴን ያዘች። ዞራ አየች። ያ ሁሉ ቀለም ፊቷ ላይ።
"ቆሜ ልናገር!" አለች። ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ምንም ሳትናገር አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ?

ጥር 2
ቅዳሜ። አዳራሽ ሄድን፤ በእግሯ። ታነክሳለች፤ መንገድ ላይ ደጋግመን አረፍን። እትዬ ትርፌ ብቅ ስትል አበዛሽ በክርኗ ጎሸመችኝ።
"አየህ? ሰማያዊ ነው። አላልኩህም?"
ቴሌቪዥኑ ያው ጥቁርና ነጭ ነው። አየሁ፤ ደህና አድርጌ አየሁ።
"ሰማያዊ ነው" አልኳት።