ከአሥር የሚነሳው ሜትር

የካቲት 4

ሰባ አራት ዓመቴ። የጫማዬን ክር ቆሜ አስራለሁ። መሮ እስላለሁ። መሰላል እወጣለሁ... ልጄ አታውቅም። ምግቤን ራሴ እሠራለሁ፤ ጨው ብቻ አንዳንዴ ሁለቴ ይገባል። ጆሮዬ ደህና ነው። ጥርሴ አይጠየቅ።

ብሎግም እጽፋለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ አናጢና ብሎግ። የከፈተችልኝ ልጄ ናት፣ እናቷ የሞተች ሰሞን። «ግድግዳ ላይ ከምታፈጥ የምታውቀውን ጻፍ፣ አባዬ።» ይኸው በሁለት ዓመት ተኩል ዘጠኝ ጽሑፍ። አነሰ? ይነስ። አንዱም አይነቃነቅም።

ዛሬ አሥረኛውን ጀመርኩ። የሕፃን አልጋ አሠራር።

የካቲት 9

የመጀመሪያዋ መስመር እምቢ አለች። ሰባት ወረቀት ቀደድኩ። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በእስክሪብቶ፣ መጨረሻ በስልክ በአንድ ጣት። አንድ አንቀጽ አንድ ሰዓት ትበላለች።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው። ሚስቴ ናት ያስቆጠረችኝ። ጣውላ ላይ ትጽፍልኛለች፣ አነባለሁ፣ ሲገባኝ በመላጊያ ልጌ አጠፋዋለሁ። ጣውላው እየሳሳ፣ እኔ እየበረታሁ። «ጮክ በል» ትለኝ ነበር። «ዓይን ይዘላል፣ ጆሮ አይዘልም።» ደብዳቤም ቢሆን፣ የመድኃኒት ወረቀትም ቢሆን፣ ጮክ።

አሁን በዓይኔ ነው የማነበው። ለማን ልጩህ? ለወንበሩ?

የካቲት 11

ልጄ ደወለች።

«አልጋው አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«ሰው እኮ በሁለት ደቂቃ አንብቦት ነው የሚሄደው።»

«ወንበር ላይም ቁጭ ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ እግሩን ላጣምመው?»

ሳቀች። ከዚያ ያችን ነገር አመጣች... «ከመለጠፍህ በፊት ላንብበው። ሁለት ዓይን ከአንድ ይሻላል።»

«ትምህርት ቤት ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ልታርሚኝ ነው?»

«ደህና ዋል» አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ከፋኝ። ትንሽ።

የካቲት 14

አሮጌውን አልጋ ከጣሪያ ሥር አወረድኩት። ልጄ የተኛችበት ነው። አርባ አንድ ዓመቱ፣ አንድ መጋጠሚያ አልላላም። አቧራውን ጠረግኩና ለካሁት። ራስጌና ግርጌው ድፍን ጣውላ። በሁለቱ ጎኖች ቋሚ ዘንጎች፣ ወርዳቸው ሁለት ጣት።

የለካሁት በዚያው በአሮጌው ሜትሬ ነው። ጫፉን መጋዝ ከበላው ዘመን ሆኖታል፤ ከአሥር ነው የሚነሳው። ሚስቴ «እንደ ባለቤቱ ጥርሱ የረገፈ» ትለው ነበር። «ጣለውና ሌላ ግዛ።» ለምን? እጄ ያውቀዋል። ከሚነበበው ላይ አሥሩን ሳላስብ ነው የምቀንሰው።

ቁጥሮቹን ሁሉ እያነበብኩ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ጥሩ ሥራ የሠራሁበት ቀን።

የካቲት 19

ለጠፍኩት። ከመለጠፌ በፊት አራት ጊዜ አነበብኩት። «በጣም» የሚል ቃል አምስት ቦታ ነበረ፣ አምስቱንም ነቀልኩ። የቀረው ልሙጥ ነው፣ ለእጅ አይሻክርም።

እስከ ማታ አርባ ሦስት ሰው አየው። አንድ ራሱን «ጀማሪው» የሚል ሰው ጻፈልኝ። «አባባ፣ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። ብዙ ቦታ ፈልጌ የገባኝ የእርስዎ ብቻ ነው። ነገ እንጨት እገዛለሁ።»

ሦስቴ አነበብኳት። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊውም አሳየሁት። «አንተም እንግዲህ ደራሲ ሆንክ» አለኝ። ዝም አልኩ። ደስ ሲለኝ ዝም ነው የምለው።

የካቲት 26

ጀማሪው የአልጋውን ፎቶ ለጥፏል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ዘንጎቹ ተራርቀዋል። እንጨት ቆጥቦ ነው አልኩ። የዛሬ ልጅ ሲያነብ ይዘላል አልኩ። ከዚያ ከሥር የጻፈውን አየሁ። «አባባ፣ ልክ እንዳሉት በዘንግና በዘንግ መሐል 16 ሴንቲ አደረግኩት። ልጃችን ሐሙስ ተወለደች።»

አሥራ ስድስት?

ጽሑፌን ከፈትኩ። 16 ይላል። በእኔው ጣት። ሜትሩን ይዤ አሮጌው አልጋ አጠገብ ተንበረከክሁ። አንዱን ጠርዝ አሥር ላይ አስነካሁ፣ ሌላውን አነበብኩ። አሥራ ስድስት። አሥሩ ሲነሳ... ስድስት።

እጄ ይቀንሳል። ስጽፍ ግን እጄ አልነበረም የጻፈው፣ ዓይኔ ነው። የአልጋው ርዝመትም 136 ተብሏል፤ 126 ነው። እሱስ ግድ የለም፣ አልጋ ቢረዝም ልጅ አይጎዳም። ክፍተቱ ግን... ሁለቱን ጡጫዬን ጎን ለጎን አድርጌ በሐሳቤ አሳለፍኳቸው። ያልፋሉ። ጨቅላ ከነሙሉ ገላዋ ሾልካ ትወድቃለች። እግሯ አልፎ ልብሷ ቢይዛትስ? አንገቷስ?

ቁጥሩን ቀየርኩት። አንዲት 1 ብቻ ናት የጠፋችው። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም... አርባ ሦስቱም ረስተውታል።

እሱ ግን ሠርቶታል።

ሁለት ሳምንት አንድ ጽሑፍ የምልግ ሰውዬ አንድ መስመር ለመጻፍ ጣቴ እምቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ፦ «ልጅቷን አልጋው ላይ አታስተኟት። ክፍተቱ 6 ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

መልስ የለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከጣት የወጣስ የት ነው የሚገኘው?

የካቲት 27

ጧት። መልስ የለም።

ረፋድ። የለም። የወለደ ቤት ማን ስልክ ያያል?

ለልጄ ደወልኩ። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩ አላውቅም። «ነይ» ነው ያልኳት። በግማሽ ሰዓት መጣች። ነገርኳት። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም፣ እሱ ባሰ።

ፎቶውን አሰፋችው። «ይኼ ምንድነው አባዬ? እንጨቱ ጫፍ ላይ ያለው ሰማያዊ?»

«የእንጨት መሸጫው ማኅተም ነዋ።»

ተያየን።

የመሸጫውን ስልክ ፈልጋ አገኘችው። ሻጩ ደረቅ ሰው ነው። «የደንበኛ ስልክ አንሰጥም።»

ስልኩን ከልጄ ተቀበልኩ። «ወንድሜ፣ ባለፈው ሳምንት የሕፃን አልጋ እንጨት የወሰደው ሰው ልጁ ጨቅላ ናት። አልጋዋን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እኔው ልደውልለት። ቁጥርዎን ይንገሩኝ።»

ተቀመጥን። ልጄ ሻይ አፈላች፣ ማንም አልጠጣውም። ሃያ ደቂቃ... ሠላሳ... ስልኩ ጠራ። የሴት ድምፅ ነው፣ ትልቅ ሴት።

«የአልጋው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ልጅቷ...»

«ሴት አያቷ ነኝ። ልጅቷ ጭኔ ላይ ናት። አልጋውን ገና ከበር ሳየው የበግ በረት ነው አልኩ። ልጅቷ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው አልኩ። አማችዬ አኮረፈኝ። ባለሙያ የጻፈው ነው አለኝ። አምስት ቀን ሙሉ እየተኮራረፍን ነው በእርስዎ የተነሳ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ልጅ አሳድገዋል?»

«አንድ። አጠገቤ ናት።»

«እሷን በስንት አሳደጓት?»

«በስድስት።»

«ታዲያ የኔን የልጅ ልጅ በአሥራ ስድስት ምነው?»

ከወዲያ ሕፃኗ አነጠሰች። ሰማሁት። ስልኩን ለልጄ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

መጋቢት 3

አዲሱን ጽሑፍ ጨረስኩ። ዘጠኝ መስመር ነው፣ አምስት ቀን ፈጀ። እንደዚህ የከበደኝ የለም። የድሮው ጽሑፍ አናት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ማንም ሳያየው እንዳያልፍ። 16 ብዬ እንደነበር፣ ልክ እንዳልሆነ፣ የሠራ ሰው ካለ በየክፍተቱ መሐል ሁለት ጣት ወርድ ያለው አንድ ዘንግ ቢጨምር በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት እንደሚቀረው።

ለልጄ ሰጠኋት። ራሴ ነኝ «አንብቢው» ያልኳት። እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ አነበበች። አንድ መስመር ላይ ብቻ ሰረዘች፤ «ሜትሬ አሮጌ በመሆኑ» የሚለው ላይ።

«ለምን?»

«ሜትሩ አልጻፈውም፣ አባዬ።»

ልከራከር ነበር። ግን መስመሩን ነቀልኩት። ስምንት መስመር ሆነ።

መጋቢት 4

ዕዳዬን ልጻፍ። ሰው አይከፍልልኝም፣ ራሴ ነኝ የምከፍለው።

ለጀማሪው፦ ዐሥራ አራት ዘንግ። ሰባት በግራ፣ ሰባት በቀኝ። ልጌ፣ ጠርዙን አለስልሼ ጨርሻለሁ። ነገ በአውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ። ልጄ በመኪና ላድርስህ ብላለች፤ አልፈልግም። ገጥሜም ነው የምመለሰው።

ለሴት አያቷ፦ ጉልበታቸውን የሚያሳርፍ ዝቅ ያለ በርጩማ። አልጠየቁም። እሠራለሁ።

ለአርባ ሦስቱ፦ አድራሻ ለተዉት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መልእክት። በአንድ ጣት። ዐሥራ ሁለቱን ጽፌያለሁ።

ለልጄ፦ «እሺ» የምትል ቃል። ሁለት ዓመት ተኩል አቆይቻታለሁ።

ለሚስቴ፦ ሜትሩን ዛሬ ጣልኩ፣ ያኛው ተከፍሏል። የቀረው ድምፅ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብዬ አንብቤው ቢሆን ኖሮ «አሥራ ስድስት» ስል ጆሮዬ ይይዘኝ ነበር። ከእንግዲህ የምጽፈውን ሁሉ ጮክ። ቤቱ ባዶም ቢሆን። ከዛሬዋ ገጽ እጀምራለሁ... ሰባ አራት ዓመቴ። የጫማዬን ክር ቆሜ አስራለሁ።