የኮምፒውተር ጠባቂዎችን በአንድ የሙያ መለኪያ ለማስማማት የደከሙት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ቤተሰብም ጎረቤትም «እታለም» እያለ የሚጠራቸው እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1963 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር በመሆናቸው እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳደጉን። የተበላሸ ራዲዮ ፈትተው ይጠግኑ ነበር፤ ደህናውንም ስለሚፈቱት አባታችን ከቤት ሲወጡ ራዲዮውን ይደብቁባቸው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በ2005 ዓ.ም. ዘራፊዎች በኢንተርኔት ገብተው ማስለቀቂያ ገንዘብ ለመጠየቅ የሌላ ከተማ ሆስፒታል ኮምፒውተሮችን ቆለፉ። እታለም ለእርዳታ ተጠርተው ሲደርሱ የራጅ ክፍሉ ሥራ አቁሞ፣ ሕሙማን ኮሪደሩን ሞልተውት ነበር። ኮምፒውተሮቹን እንዲጠብቅ የተቀጠረውን ሠራተኛ፣ የተቀመጠውን የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ እንዴት እንደሚመልስ ያሳየው ሰው አልነበረም። አንዲት ወላድ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ ሕይወቷ አለፈ። ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ እታለም አልተቆጡትም። «ያላስተማሩህን ነው የጠየቁህ» አሉት። ቤታቸው ተመልሰው ግን ለባለቤታቸው፣ «ሐኪሙ ያለ ሙያ ፈቃድ በሽተኛ አይነካም። የሐኪሙን ኮምፒውተር የሚጠብቀው ግን ማንም ቢሆን ግድ የለም። ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ከልዩ ልዩ አገሮች ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ የሳይበር ደኅንነት ሠራተኛ የትም ቢሠራ ምን ማወቅ፣ በምን መፈተንና ለማን መታመን እንዳለበት የሚወስን የጋራ መለኪያ ለማዘጋጀት ደከሙ። አንዱ አገር «ባለሙያ» የሚለውን ሌላው «ጀማሪ» ስለሚለው ስብሰባው ስንት ጊዜ ያለ ስምምነት ተበተነ። ከሁሉ የከበደው፣ ጥቃት ሲደርስ ሠራተኛው አለቃው ዝም በል ቢለውም ለተጎዱት ሰዎች እንዲነገር ማድረግ አለበት የሚለው አንቀጽ ነበር። ሰብሳቢው «እሱን ይተዉትና ሌላው ይጽደቅ» ቢሏቸው፣ «እሱን ከተውነው ምኑን ጻፍነው?» ብለው እምቢ አሉ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው። የመጨረሻውን ስብሰባ የተካፈሉት ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዛላቸው ነው። ሰነዱ ከነአንቀጹ ሲጸድቅ ጭብጨባውን ሰሙ። ፈገግ አሉና፣ «በሉ እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ ማስተማር ነው» አሉ። ለማስተማር ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም፤ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና «እታለም» ብለን ጠርተን ያልጠገብናቸውን እኛን እኅት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ስለማያውቁት ሰው ነቅተው የኖሩትን እኅታችንን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።