ጫማዬን አውልቄ የዳንኩ ዕለት

ለተከበሩ የክብደት መቀነሻ ሕክምና ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ቢሮዎ በሚገኝበት አምስተኛ ፎቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በጤና መሰንበታችሁን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ ጉልበትዎም የበረታ እንዲሆን ምኞቴ ነው። ጉልበት ስል ሥልጣንዎን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ደኅና እንደሆነ አውቃለሁ። ደረጃ የሚወጡበትን ማለቴ ነው።

እኔ በሴቶች ጸጉር ሥራ ቆሜ ውዬ ቆሜ የማመሽ፣ ዕድሜዬ ከሃምሳ የዘለለ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጄ ባደርስልዎ ክብሬ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን የአቤቱታ መቀበያ ክፍልዎ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ በር ላይም «ለሠራተኞች ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በጥሩ ጽሕፈት ተለጥፏል። ሰውነቱ የከበደውና ጉልበቱ የታመመ ሰው የሚታከምበት ቤት አቤቱታ መቀበያውን ሰማይ ጥግ የሰቀለው፣ ሰው አቤት ከማለቱ በፊት ትንሽ እንዲያልበው ታስቦ መሆን አለበትና ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ደረጃዎ ላይ ዐረፍ የሚባልበት አንድም ወንበር ስለሌለ ከሁለተኛው ፎቅ ተመለስኩ፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አገር እንዲያነበው በአደባባይ ለማውጣት ተገድጃለሁ።

የምጽፈው ቆሜ፣ አንዷን ደንበኛ ካስክ ውስጥ አስገብቼ ጸጉሯ እስኪደርቅ ባለው ጊዜ መሆኑን ይወቁልኝ። ከተቀመጥኩ መነሣቱ ነው ጣጣው። ሐሳቤ ወዲያና ወዲህ ቢዘል ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሰሞኑን አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ ሐሳብ የለኝም።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት እናቴን ላስተዋውቅዎ። እናቴ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። እሷ በእርጅና መውረድ አትችልም፤ እኔ ደግሞ በክብደቴና በጉልበቴ መውጣት አቅቶኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የተያየነው እኔ ግቢ ቆሜ፣ እሷ በረንዳ ላይ ሆና ነው። የምናወራው በጩኸት ስለሆነ ምሥጢራችንን የማያውቅ ጎረቤት የለም። የሠራችውን ምግብ በቅርጫት አድርጋ በገመድ ታወርድልኛለች፤ እኔም መድኃኒቷንና ያጠብኩላትን ልብስ በዚያው እልክላታለሁ። አንድ ቀን መውጣቴ አይቀርም ብላ ጎረቤቶቿን ለምና፣ እያረፍኩ እንድወጣ በየፎቁ አንዳንድ ወንበር አስቀምጣልኝ ነበር። የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤት ወንበሩ ባዶ ሲከርምባት የአበባ ማሰሮዋን ብታስቀምጥበት፣ እናቴ በደረጃው ቁልቁል ጮኻ አስነሥታዋለች።

የአጥንት ሐኪሜ ጉልበትሽ እንዲያርፍ ሸክምሽ ይቀነስ ብለው ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ሲልኩኝ እልል ነው ያልኩት። ነርሷ በየሳምንቱ የምወጋውን የክብደት መቀነሻ መርፌና «ከመርፌው ምን ይጠብቃሉ?» የሚለውን በራሪ ጽሑፍ በአንድ ቀን ሰጠችኝ። እኔም የጠበቅሁትንና ያገኘሁትን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጽሑፉ «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል» ይላል። ትንሽ የምትለዋን ቃል የጻፈውን ሰው በአካል ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ዓመት የኖርኩበት የጸጉር ቅባት ሽታ ጠላት ሆነብኝ። አንዲት የተከበሩ ደንበኛዬን ጭንቅላታቸውን በሳሙና አረፋ እንደሸፈንኩ ትቻቸው ወደ ጓሮ ሮጥኩና፣ ስመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቧንቧውን በዳበሳ ሲፈልጉ አገኘኋቸው። መጠኑን ከፍ ባደረጋችሁልኝ ቁጥር ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሆዴም ድርቀት ይዞት፣ የገባውን አላስወጣም ብሎ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አጉላላኝ። እሱስ ቀስ በቀስ ተሻለኝ፤ ስለዚህ ብዙ አልፈርድም።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ «የረሃብ ስሜትዎ ይቀንሳል» ብሎ ሲያበቃ፣ እናትዎ ይቀየማሉ የሚል አልጨመረም። ቅርጫቱ ሞልቶ እየወረደ ሞልቶ ይመለስ ጀመር። እናቴ ምን አጥፍቼ ነው እጄን የጠላሽው ብላ በረንዳው ላይ ስታለቅስ፣ እኔም የመርፌውን ነገር ከግቢ ወደ ላይ እየጮህኩ ለማስረዳት ተገደድኩ። በማግስቱ ከሕንፃው ሦስት ሴቶች የት ነው የሚሰጠው ብለው ሱቄ መጡ። ሌላው ሰው ግን የከሳ ሁሉ የሚሞት ነው የሚመስለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ጠንቶብኝ ሐኪም ተስፋ እንደቆረጠብኝ የሰማሁት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሁለት ደንበኞቼማ በሐዘን ሌላ ጸጉር ቤት ገብተው ነበር፤ እዚያም ደግ ነበረች ነፍሷን ይማር ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ይባላል።

ሦስተኛ፣ ጸጉሬ። ሰውነት በፍጥነት ሲቀንስ ጸጉር ለጊዜው ሊረግፍ እንደሚችል በራሪ ጽሑፉ ጀርባ ላይ፣ ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ ሥር ተጽፎ ኖሯል። እኔ ያነበብኩት ማበጠሪያዬ ከነገረኝ በኋላ ነው። ሻሽ ያሰረች ጸጉር ሠሪ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ጫማ ሰፊ ናት፤ ማን ያምናታል? አንዷ ደንበኛ በመስታወቱ እያየችኝ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብላ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰምቼ፣ ያላወቅሁ መስዬ ውኃውን አቀዘቀዝኩባት። ጸጉሬ አሁን መልሶ በቅሏል። እናንተ ግን ያን መስመር ተራ ሰው በሚያየው ፊደል ብታወጡት አይጎዳችሁም።

አራተኛ፣ ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ምስጋና ነው፤ የእውነቴን ነው፤ አንዷንም ቃል በግልባጭ እንዳይረዱብኝ። ከወራት በኋላ አንድ እሑድ ጉልበቴ ቀለል ብሎኝ ለማንም ሳልናገር የእናቴን ደረጃ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ወንበር አለፍኩት፤ ሁለተኛውንም በኩራት አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ የተቀመጥኩት እያለከለክሁ እንዳልደርስባት ብዬ ብቻ ነው። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ፤ እናቴ እርምጃዬን ከታች ጀምራ ስትሰማ ኖሯል። ምግቡን ደርድራ ሦስት ማንኪያ ብቻ ስበላላት አልተቀየመችም። ከግቢ ሆኖ አንጋጦ ለሚያይ ሰው በረንዳው ከደረት በታች ያለውን ይሸፍናል፤ እናቴ እንዲህ አንሳ፣ የበረንዳውን ብረት ይዛ እንደምትቆም አላውቅም ነበር። ጸጉሯ ከጀርባዋ ተድበልብሎ ተጣብቋል። እጇ ወደ ኋላ አይደርስላትም፤ ለጎረቤት ደግሞ ልጄ ጸጉር ሠሪ ሆና አታሳፍሩኝ ትላለች። የከተማውን ሴት ሁሉ ስተኩስ የኖርኩ ሰው፣ የእናቴን ጸጉር ከሁለት ዓመት በኋላ አጠብኩት። እያጠብኩ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየወጣሁ አጥቤ፣ አድርቄ፣ እሷ ሴት ወይዘሮ መሰልኩ እንዴ ብላ መስታወት ስታይ እያየሁ እመለስ ነበር። ለዚህ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

አምስተኛ፣ ይህን ምስጋና የሚያጥበው ነው። በምዘና ቀን ከታች በረንዳዎ ላይ የምንሰለፈውን ሰዎች ልብ ብለው አይተውን ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አዲስ ሰው ስለሆንኩ ጎበዝ ለመባል ጫማዬን አወልቃለሁ፤ የጆሮ ጌጤን፣ የጸጉር ሹካዬን፣ የሽርጤን መቀስ ሳይቀር አስቀምጣለሁ። ከፊቴ የሚቆሙት ጡረታ የወጡ የባንክ ጥበቃ ግን በዚያ ቀትር ፀሐይ ወፍራም ካፖርትና የጥበቃ ቡትስ አድርገው ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ሌላዋ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውኃ ጥጉ ላይ ትጨልጣለች። እኔም የዋህ፣ እነዚህ ሰዎች መክሳት የሚባለው ነገር አልገባቸውም እያልኩ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ። ባለካፖርቱ ጎንበስ ብለው «እህቴ፣ ጫማሽን ባታወልቂ ይሻልሻል» ቢሉኝ፣ አንቱ ሰውዬ ተራዎን ይጠብቁ ብዬ ገላመጥኳቸው።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ነርሷ አጨበጨበች። ከተወሰነልኝ ክብደት በጥቂቱ፣ አንድ ጥንድ ጫማ በሚያህል፣ ጎድዬ ተገኘሁ። እርስዎም ራስዎ ወርደው ጨበጡኝ፤ «ዓላማዎን መትተዋል፣ ድነዋል» አሉኝ፤ በክፈፍ የተሠራ የስኬት ምስክር ወረቀት አስታቅፈውኝ ፎቶ ተነሣን። በሚቀጥለው ሳምንት ብመጣ ስሜ ከመርፌው ዝርዝር ወጥቷል፤ ለካ እናንተ ዘንድ የዳነ ሰው መርፌ አይሰጠውም። ባለካፖርቱ በር ላይ አግኝተውኝ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ሲሉኝ ካፖርቱ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ ይህ መርፌ ለብዙ ሰው እንደ ደም ግፊት ኪኒን ነው፤ ሲያቆሙት የነበረው ይመለሳል። እናንተ ግን መነጽር አድርጎ ሰሌዳውን ላነበበ ተማሪ፣ እንግዲህ ማየት ችለሃል ብላችሁ መነጽሩን ትቀበሉታላችሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እንደ እርስዎ ላለ ባለሥልጣን ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል፤ እኔ ግን ሳልሾምም፣ ሳልበላም ተሻርኩ።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? ደንበኛዬ ካስኩ አቃጠለኝ ብላ ስትጮህ ጠፋብኝ። ስድስተኛ ይሁን።

ረሃቡ ቤቱን እንደሚያውቅ ዘመድ ሳያንኳኳ ተመለሰ። ቁርስ በልቼ ሳልጨርስ ምሳ ያምረኛል፤ ሌሊት ዳቦው የት እንዳለ እያወቅሁ እገላበጣለሁ። ስንፍና ነው የሚለኝ ሰው አለ፤ እኔም ራሴን ብዬዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እየተራመድኩ፣ ማታ ማታ ሾርባ እየጠጣሁ ታግያለሁ። ክብደቱ ግን እየመጣ ነው። ወደ ቢሮዎ ስደውል ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና፣ እንደገና የምመዘገበው የመጀመሪያውን ክብደቴን መልሼ ስይዝ እንደሆነ ነገሩኝ። ስለዚህ እንድከሳ ልትረዱኝ አስቀድሜ መወፈር አለብኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

እስከዚያው ደረጃው ቁልቁል እያወረደኝ ነው። መጀመሪያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውም፣ አንደኛውም አስፈለገኝ። ያለፈው እሑድ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ቆመ፤ ወደ ላይ አንዲት እርምጃ እምቢ አለኝ። እናቴ ከላይ ስትሰማ ቆይታ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ማበጠሪያዋን በኪሷ ከትታ አንድ ፎቅ ወረደችልኝ። ከልክያት ነበር፤ አልሰማችም። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ደረጃ ላይ ውኃ የለምና እንዳደፈ አበጠርኩላት። ሲወጣና ሲወርድ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ይቅርታ እያለ አለፈን። ከዚያ መመለስ አቃታት። እዚያው ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር አናጢ ከነወንበሯ ተሸክሞ አወጣት። እሷ ሙሽራ ሆንኩ ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ፈራሁ። እስካሁንም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ጸጉር ስሠራ እጄ ይቸኩላል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ወድቃ ነው እላለሁ። ምክንያቱም የሚቀጥለው መገናኛችን ሁለተኛው ፎቅ ነው፤ ከዚያ አንደኛው፤ እሷም እኔን ፍለጋ መውረዷን አትተውም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። መርፌዬን ይመልሱልኝ፤ እናቴ ዳግመኛ ልትወርድልኝ ሳትነሣ ይመልሱልኝ። ደንቡ አይፈቅድም የሚሉ እንደሆነ፣ ደንቡን ካወጡት ሰዎች መካከል ጉልበቱ ደኅና የሆነ አንድ ሰው እሑድ እሑድ ይላኩልኝና አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የእናቴን ጸጉር ይጠብ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከጆሮዋ ጀርባ ቀስ ይበል፤ እዚያ ጋ ያማታል።

ለዳኑት ሁሉ ተስፋ፣ ለታመሙት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ለሆነው ጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከአንደኛው ፎቅ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ በፈቀደው መጠን እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ ምስክርነት ጤነኛ የሆንኩት፣
ጸጉር ሠሪዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ምስክር ወረቀቱ በወጉ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እንዳይሉኝ። ክፈፉ ወፍራም እንጨት ነው፤ መስታወቱም እንደ እኔ ሱቅ መስታወት ጥሩ ነው። ትናንት ከጎኔ ያለችው አትክልት ሻጭ ሚዛን ላይ አስመዘንኩት፤ ያን ዕለት ከጎደልኩት ክብደት ይበልጣል። ከምዘናው በፊት ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ታቅፌው ሚዛኑ ላይ እወጣ ነበር፤ ዛሬም በሽተኛ ሆኜ፣ እናቴን አራተኛ ፎቅ ላይ ጸጉሯን አጥባት ነበር።