ለሥዕል ክፍሉ መዘጋት ያጨበጨብኩት ጭብጨባ ይመለስልኝ

ለክቡር ርእሰ መምህራችን ለአቶ ፍቅሩ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከፍ ያለ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ጤና የወላጅ ሁሉ ጤና ነውና፣ ጉንፋንም ሆነ ስብሰባ ሳይደፍርዎት፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎት ይህች ደብዳቤ እንድትደርስዎ እመኛለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከመርሳ ሙቀት በቀር የከፋብን ነገር የለም።

እኔ ሽፈራው እባላለሁ፤ መርሳ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያለኝ መካኒክ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ የሰላማዊት አባት ነኝ። የትምህርት ቤታችንን ስም ለክብሩ ስል አልጠራም፤ ግድግዳውን ያየ ያውቀዋል። ፊቴን ካስታወሱት፣ በጥቅምቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ እርስዎ ሥዕል ተምሮ የት የደረሰ አለ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ተሰጥቷል ብለው ሲያውጁ፣ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ ቀድሞ ያጨበጨበው ሰው እኔ ነኝ። ሌላው ወላጅ እኔን አይቶ ነው የተከተለው። እንግዲህ የጋራ ሥራችን ያፈራውን ፍሬ በየተራ እያነሣሁ ላመስግንዎት።

አንደኛ፣ ስለ ክፍሉ። ልጆቹ ሥዕል ይማሩበት በነበረው ክፍል ዛሬ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች በክብር ተኝተውበታል። መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑም ሸጋ ነውና ለዴስኮቹ እንደሚስማማቸው አልጠራጠርም። የሥዕል አስተማሪው መምህር ፍፁምም ሥራ ፈት እንዳይሆኑ አስበው የዚያው ክፍል ቁልፍ ያዥ አድርገው ሾመዋቸዋል። ዓመታት ሥዕል የተማረ ሰው የተሰበረ ዴስክ ሲጠብቅ እንዲውል ማድረግ ከእርስዎ በቀር ለማን ይታሰበዋል?

ሁለተኛ፣ ስለ ልብ። ከወልድያ እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ሰሞን የሰውነት ክፍሎች የሚሣሉበት የባዮሎጂው ግድግዳ መታደስ ነበረበት። ድሮ መምህር ፍፁም ከተማሪዎቻቸው ጋር ይሥሉት ነበር፤ አሁን ሥዕል የለምና እርስዎ ከውርጌሳ የቆርቆሮ በር ቀቢ አስመጡ። ሰውየው በሙያው እንከን የለበትም፤ የእኔንም በር የቀባው እሱ ነው። ልብ ሣል ቢባል ግን የሚያውቀውን ልብ ሣለ፤ ባጃጅ ጀርባ ላይ ያለውን፣ ቀዩን፣ መሀሉን ቀስት የወጋውን፣ ሁለት ጠብታ ደም የሚንጠባጠብበትን። ከሥሩም የሰው ልብ ተብሎ በጉልህ ተጻፈ። እንግዶቹ እፊቱ ቆመው ፎቶ ሲነሡ እርስዎ መሀላቸው ነበሩ፤ እንዴት ያምርብዎት ነበር! የባዮሎጂ አስተማሪዋ ማርታ በፈተና የልብን ክፍሎች ጥቀሱ ብትል፣ ከዘጠነኛ ክፍል አሥራ አንድ ልጆች ቀስቱንም ቆጥረው ጻፉ። በልጆቹ ማን ይፈርዳል?

ሦስተኛ፣ ስለ ካምቢዮ። ይህችን እንኳ ባልናገራት በወደድኩ። ባለፈው ወር ናስር የሚባል የሽንኩርት መኪና ሹፌር ካምቢዮው ማርሽ አላስገባ ብሎት ጋራዤ ገባ፤ ሽንኩርት ደግሞ ቀን አይሰጥም። ካምቢዮውን አውርጄ፣ ጥርሶቹንና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እየፈታሁ ሸራ ላይ ደረደርኩ። የእኛ ልማድ ይኸው ነው፤ የተፈታው በተፈታበት ተራ ይቀመጣል፣ ሲገጠም ከመጨረሻው ይጀመራል። በመሀሉ ያልታሰበ ዝናብ ዱብ አለ። ባለቤቴ ሸዋዬ ልርዳው ብላ የደረደርኩትን ሁሉ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አፍሳ ቤት አስገባችልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እሷ አፈሰችው፣ መልቀሙ ለእኔ ቀረ። ያን ዓይነት ካምቢዮ ስፈታ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ይህን ለናስር አልነገርኩትም፣ እርስዎም አይንገሩብኝ። የቱ ጥርስ ከየቱ እንደሚቀድም ጠፍቶኝ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ለካ ስፈታ ሰላማዊት ጥግ ተቀምጣ ስትሥል ኖሯል። መምህር ፍፁም፣ ክፍሉ ሳይዘጋ፣ ወላጆቻችሁ የሚሠሩበትን ቦታ ሣሉ፣ ያያችሁትን እንጂ የመሰላችሁን አትሣሉ ብለዋቸው ነበር፤ ክፍሉ ቢዘጋም ልጅቷ የቤት ሥራዋን አላቆመችም። በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ጥርሱ ሁሉ በየተራው ተሥሏል፣ የአንዷ ቀለበት ስንጥቅ እንኳ አልቀረችም። ስንጥቋን እኔ መካኒኩ አላየኋትም ነበር! ቀለበቷን ቀየርኩ፣ በሥዕሉ እየተመራሁ ገጠምኩ፣ ናስርም ሽንኩርቱን ይዞ ሳይመሽ ወደ ወልድያ ወጣ። ምርቃቱን ሁሉ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ልጄ ለዚህስ አይጨበጨብም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አራተኛ፣ መምህር ፍፁም ዝውውር ጠይቀዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ይሄዳሉ ይባላል። እሳቸው ከሄዱ ክፍሉ ቢከፈትም የሚያስተምር የለም። ሰላማዊት ይህን ከሰማች ወዲህ እርሳስ አልቀረጸችም፤ አንጀቴን በላችው። ይህ ነጥብ ቀልድ ስለሌለው አጠረ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ቁልፉ ለመምህር ፍፁም እንደ አስተማሪ ይሰጣቸው። ደግሞም በቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ጭብጨባ ጸደቀ የሚለው፣ ከሽፈራው በቀር ተብሎ ይታረምልኝ፤ ያጨበጨብኩበት እጅ የራሴ ነውና ጭብጨባዬን ይመልሱልኝ። ዴስኮቹ አያሳስቡዎት፤ ቅዳሜ የብየዳ ማሽኔን ይዤ መጥቼ እግር አበጅላቸዋለሁ፤ ተማሪ ይቀመጥባቸዋል።

ግድግዳዎን እያየ የሚደነቅ፣ እጁን ግሪስ ያልለቀቀው፣ ለሹመትዎ ዕድሜ የሚለምን ታዛዥዎ፣
ሽፈራው
መካኒክና የተጸጸተ አጨብጫቢ፣ መርሳ

ግልባጭ፦ ለመምህር ፍፁም፣ ዴስኮቹን በሚጠብቁበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሁሉ በቃል ልነግርዎት ማክሰኞ መጥቼ ነበር። ያው ቀቢ የሣለውን፣ ወደ ርእሰ መምህር ቢሮ የሚለውን ቀስት ተከትዬ ብሄድ መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አደረሰኝ። ቀስቱን አምነው የመጡ አራት ወላጆች ተሰልፈው ሲጠብቁ አገኘሁና፣ እርስዎ ይወጣሉ ብዬ አብሬ ጠበቅሁ፤ ስላልወጡ ይህችን ጻፍኩ። ሰላማዊት ቀስቱን የሥዕል ክፍሉ የተከፈተ ዕለት አስተካክለዋለሁ ብላለች፤ እስከዚያው ግን እርስዎን የሚፈልግ ሁሉ እዚያው ይፈልግዎት።