ለራሴ እርግማን አሜን ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አሜን አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ ልቤ አይደለም። ግን አሜን አሜን ነው።

ከሥራ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ እትዬ ለተብርሃን ናቸው፤ ልጃቸውን ብሌንን በክንዷ ይዘዋታል። «ወይንሸት፣ ይሄ ያንቺ ሙያ ነው፤ እስቲ እያት» አሉና ቀኝ እጇን መብራቱ ሥር ዘረጉት። የመሀል ጣቷ ላይ ያለው ፕላስተር ሲነሳ መጀመሪያ ሽታው መጣ። ጥፍሩ ከሥሩ ለቋል፤ ዙሪያው አብጦ መግል ይዟል። የቀሩት ጥፍሮቿም ተልጠው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስተዋል።

«በር ቆረጠኝ እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታታልለኝ ከረመች። ዛሬ ሲጠናባት አወጣችው። ትምህርት ቤቷ አጠገብ ያለች አንዲት ልጅ ናት አሉ አርቴፊሻል ጥፍር የለጠፈችባት። በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ! ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ! ይህን የሠራች እጇን ይቁረጠው!»

«አሜን» አልኩ።

ሰው ሲመርቅም ሲረግምም አጠገቡ የቆመ አሜን ይላል። እኛ ቤት እንደዚያ ነው ያደግነው፤ ጆሮ ሲሰማ አፍ ይከተላል። ብሌን ቀና ብላ አየችኝ፣ ቶሎ ደግሞ አቀረቀረች።

ትምህርት ቤቷ አጠገብ ያለች ልጅ የሚባል ነገር የለም። የለጠፍኩላት እኔ ነኝ።

«ነገ በጠዋት ክሊኒክ ይውሰዷት» አልኳቸው። ዛሬ ከአፌ የወጣ እውነት እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ታክሲ ውስጥ እጆቼን ቦርሳዬ ሥር ደብቄ ነው የሄድኩት። ከማን እንደምደብቃቸው እንጃ።

ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ለራሴም መዋሸት እጀምራለሁ። እትዬ ለተብርሃን ለወንድማቸው ተዝካር መቀሌ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ የሰጡት ለእኔ ነው። «ብሌንን አደራ። ታላቅ ወንድሟ እንደሆነ ከስልኩ ቀና አይልም፤ አንቺ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት» ብለው። ዓይኔን ጣልኩባት። ጥፍሯ ላይ።

ስትለምነኝ ቆይታለች። «ዊኒዬ፣ ፕሊስ፣ ክላስ ውስጥ ያልሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።» ዊኒ የሳሎን ስሜ ነው። «እማዬ ሳትመጣ ታነሺልኛለሽ። አንቺ እምቢ ካልሽ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።» እኔም ከማታውቀው ሰው እኔ እሻላለሁ አልኩ። እዚህ ሙያ ላይ ያለን ሁሉ የምንላት ነገር ናት፦ እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቦሌ ሚካኤል ሳሎናችን ድረስ መጣች። ዕድሜዋን ባላውቅ እንኳ እጇ ይነግረኝ ነበር። የሚለጠፈው ፕላስቲክ፣ እኛ ቲፕ የምንለው፣ በቁጥር ነው የሚመጣው። ለትንሿ ጣቷ የመጨረሻውን ትንሽ ቁጥር አወጣሁ፤ ሰፋባት። ካርቶኑ ውስጥ ከዚያ ያነሰ የለም። የሠሩት ሰዎች እንኳ ለእንደዚህ ያለ ጣት አላሰቡትም ማለት ነው። እኔ ምን አደረግኩ? በሞረድ ግራና ቀኙን በልቼ ልክ አደረግኩት። በችሎታዬም ኮራሁ።

ብሌን ሳሊተ ምሕረት ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ትመታለች። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የደረጃውን ብረት እየደበደበች ስትለማመድ ስንቴ ጮኼባታለሁ። ግን ጥፍሩንና ከበሮውን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። በማግስቱ እሁድ መዝሙሩ ሲሞቅ ጥፍሯ ከከበሮው ጠርዝ ጋር ተላተመ። የተለጠፈው አልወለቀም፤ ጠንካራ ሥራ ነዋ! የራሷን ጥፍር ከሥሩ አላቀቀው።

በዚያ ላይ እናቷ መንገድ ላይ ነኝ ብለው ደወሉ። ሽንት ቤት ገብታ የቀሩትን በጥርሷ ነቀለቻቸው። ለእኔ ደጋግማ ደውላ ነበር፤ ያን እሁድ የሥራ ተረኛ ስለነበርኩ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ። ማታ ደረጃው ላይ ሳገኛት ፕላስተር ለጥፋለች። «ደህና ነኝ» አለች። ክፈቺው ልየው አላልኩም። ማየት ስላልፈለግኩ ነው።

ዛሬ ክሊኒክ ሄደዋል። መድኃኒት ጀምራለች፤ እስከ ሐሙስ እብጠቱ ካልጎደለ ጥፍሩ ይነሳል ተብሏል። ብሌን በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «ዊኒዬ እንዳትናገሪ። እኔም አልናገርም።» ልጅ እኔን ስትጠብቀኝ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሦስት ተማሪዎች መጡ፣ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ። አንዷ ስልኳን ዘረጋችልኝና «እንደዚህ እንፈልጋለን» አለች። የእኔው ቪዲዮ ነው፤ የብሌን እጅ፣ ሮዝ ጥፍር፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ አበባ። ቲክቶክ ላይ የለጠፍኩት ያን ዕለት ነው። እስካሁን ሰው ልብ እየሰጠው ነው። አጥፊው አጥፊው እያልኩ ሳላጠፋው ቆየሁ።

«ለእናንተ አላስረዝምም» አልኩ። ደፋሯ እናቷ ጋ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። እናትየዋ «ሥሪላት እባክሽ፣ ከጭቅጭቋ ልገላገል» አሉኝ። ይሄን አልጠበቅኩም። ነገሩ ሁሉ በእናት ፈቃድ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ እናት ፈቀደች እንግዲህ፣ ጣቱ በፈቃድ አያድግ! ቀለም እቀባችኋለሁ፣ ከጥፍራችሁ በላይ ግን አንዲት አልጨምርም አልኳቸው። ሁለቱ እየተነጫነጩ ወጡ። ሦስተኛዋ ተቀምጣ ሐምራዊ አስቀባችና እያየችው ሄደች። ለዛሬ ይህችን ድል ብያታለሁ።

የሳሎኑ ባለቤት ሮዛ ግን ሰማችኝ። «ቀበሌ ነን እንዴ ዕድሜ የምንጠይቀው? እኛ ብንመልሳቸው ማዶ ያለው ቤት ይቀበላቸዋል።» አውቃለሁ። እኔም ከሳምንት በፊት ያልኩት ይህንኑ ነው። ከሰው አፍ ስሰማው እንዴት ያስጠላል!

ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ጥፍር ዙሪያ ያለውን ቆዳ ስቆርጥ የራሴን አመልካች ጣት ቆረጥኩ። ትንሽ ናት፣ ግን ደሙ አልቆም አለ። ስንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እጇን ይቁረጠው። አሜን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ተነሳ። ጥፍሯ ተነሳ።

እትዬ ለተብርሃን ማታ መጥተው ነገሩኝ። ማደንዘዣውን ስትወጋ እሪ ያለችው ክሊኒኩን በሙሉ አስነስቷል አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኚህ ሴትዮ ከመቀሌ ሐዘን መልስ እንኳ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር።

ከዚያ የፈራሁት ሳይሆን ያላሰብኩት መጣ። «ነገ ጠዋት አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ብሌን ቤቱን ታሳየናለች። እኔ የሙያውን ነገር አላውቅ፣ ያደናግሩኛል፤ አንቺ ግን ታፋጥጫታለሽ።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል?

ትንሽ ቆይቶ የብሌን መልእክት ገባ፦ «አንዷን አሳይቼ እገላገላለሁ። ካደችም ትካድ።»

አንዷን! የማላውቃት አንዲት ልጅ፣ እንደኔ ጠዋት ተነስታ ሁለት ታክሲ ይዛ ሥራ የምትገባ፣ ነገ ደንበኛ ፊት ልትሰደብ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ላፋጥጣት።

ማክሰኞ ዕለት ሁሉንም ጽፌያለሁ ብዬ ነበር። አልጻፍኩም። ብሌን «አጭር ይበቃኛል» ብላኝ ነበር። ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። ለቪዲዮ ረጅም ያምራል ብዬ። አጭር ቢሆን ከበሮውን ባልነካው ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ተናገርኩ።

ቤት ውስጥ አልቻልኩም፤ ደረጃው ላይም አልቻልኩም። የሰፈራችን የአባዶ ታክሲ ሰልፍ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተዘርግቷል። እትዬ ለተብርሃን ከፊቴ፣ ብሌን ከመሀላችን፣ ጣቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እጆቼን ወደ ኪሴ ይበልጥ እገፋቸዋለሁ። ልንሳፈር ጥቂት ሰው ሲቀረን እጆቼን ከኪሴ አወጣሁና ፊታቸው ዘረጋኋቸው።

«እትዬ፣ የትም መሄድ የለብንም። የሚፈልጉት እጅ ይሄ ነው።»

አልገባቸውም። መጀመሪያ የተቆረጠ ጣቴን ነው ያዩት፤ «ምን ሆንሽ?» ሊሉኝ ነበር መሰለኝ። ብሌን ማልቀስ ስትጀምር ገባቸው። «እኔ ነኝ የለመንኳት እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«እሷ ብትለምንም እኔ ትልቅ ነኝ» አልኩ። ርዝመቱንም ነገርኳቸው፣ ቪዲዮውንም። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጆሮውን አስረዝሟል።

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ!

«አደራ ብዬሽ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። ብሌንን በደህናው እጇ ይዘው ከሰልፉ ወጡ።

«እህት፣ ካልተሳፈርሽ አሳልፊን» አለ ሰውዬው። ተሳፈርኩ። መገናኛ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የብሌን ወንድም በጠዋት መጣ። ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ መሬት መሬት እያየ። «እማዬ ቁልፉን ተቀበላት ብላኛለች።»

ከመስቀያው አውርጄ ሰጠሁት። ሚስማሩ ባዶውን ቀረ። ከትናንትናው ቃላቸው ይሄ ባሰብኝ።

ዛሬ የሆኑት፦
ቪዲዮውን አጠፋሁ።
ለሮዛ ሁሉንም ነገርኳት። የልጅ ጥፍር አላስረዝምም፣ እናቷ ብትፈቅድም፣ አንቺ ብታዢም አልኳት። «እስከ ገና እናያለን» አለች። አባረረችኝ አላባረረችኝም፣ እንጃ።
ምሳ አልበላሁም።
ብሌን አልጻፈችልኝም። እናቷ ስልኳን ወስደውባት ይሆናል፤ ወይም ተቀይማኛለች። መብቷ ነው።

አንዲት ሙሽራ እጄን ይዛ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። አሜን ልል ብዬ አፌ ተሳሰረ። የተረገመ እጅ ላይ ምርቃት ይይዛል? በእንዲህ ያለ ነገር የማምን አይመስለኝም ነበር።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ከቀትር በኋላ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ነው እትዬ ለተብርሃን የመጡት። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱበትን ነጠላ አላወለቁም። ብሌን ከኋላቸው፣ በሩ ጋ ቆማለች።

ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልቀመጥ አሉ። «ልቀመጥ አልመጣሁም» አሉ። «ዛሬ ከበሮውን ሌላ ልጅ ያዘችው። ይቺ በአንድ እጇ ጉልበቷን እየመታች ስታየው አየኋት። ሆዴ ተቃጠለ። ይቅር ለእግዚአብሔር ልበል ብል ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። ጎረቤቴን ረግሜ ምን ብዬ እጸልያለሁ? እኔ ሰው ረግሜ አላውቅም ነበር፤ አንቺ ነሽ ያስረገምሽኝ። አንቺ ደግሞ አሜን ትያለሽ!»

የመጨረሻዋን ሲሉ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነው ብዬ አልምልም።

«እጅሽን ዘርጊ።»

በሳሙና የራሰ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ዘረጋሁ። መዳፌን ገልብጠው ያዙት፤ የእሳቸው እጅ ሻካራና ሙቅ ነው። እንትፍ፣ እንትፍ አሉበት። «ያልኩትን አንስቻለሁ። ከአፌ እንደወጣ ወደ አፌ ይመለስ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። እርግማኑን ነው ያነሳሁት፤ ገና አልመረቅኩሽም። ምርቃቱ ጥፍሯ ሲበቅል ነው።» ከዚያ እንደ ሰኞው ዕለት፣ ሙያዬን እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ።

የመሀል ጣት ነው፤ ከሥሩ ነው የተነሳው። «ፋሲካ አካባቢ ሙሉ ይሆናል» አልኩ። «ካልነካካችው።»

«ፋሲካ» አሉ እትዬ ለተብርሃን። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያኔ ከበሮውም ከጾሙ ይወጣል።»

ብሌን በፋሻው እጇ በሩን ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው። ዓይኗን ግን ከእኔ አልነቀለችም፤ ይቅር ማለቷን አላውቅም።

ቁልፉን አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሚስማሩን ልነቅለው አስቤ ነበር፤ እስከ ፋሲካ እዚያው ይቆይ።