ጭራውን የቆላው ቡችላ

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ክፍል ውስጥ የተፈጥሮ ምርጫን አስተማርኩ። አንድ እናት የወለደቻቸው እንኳ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ደፋር ሌላው ፈሪ ይሆናል፤ ጠባዩን ለልጆቹ የሚያወርሰው ግን የተረፈው ነው አልኳቸው። ምሳሌ ሲጠይቁኝ የመጽሐፉን ሰጠኋቸው። የሰፈሬን ውሾች ማንሳት አልፈለግኩም።

እኛ ሰፈር፣ ቃሊቲ መጋዘኖቹ ጋ፣ በየጊዜው ለውሾች መርዝ የተለወሰ ሥጋ ይጣላል። ሰው የሚቀርበው ውሻ በልቶ ይሞታል፣ የሚሸሸው ይተርፋል። ጠዋት ጠዋት እስከ ታክሲ ድረስ የምትሸኘኝ ቡኒዋ ባለፈው ወር ሞተች። የተረፈችው ሰው ስታይ ከከባድ መኪና ሥር የምትገባው ጥቁሯ ናት። አሁን ወልዳለች። ቡችሎቿም እንደ እሷ ኮቴ ሲሰሙ ይበተናሉ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ግን አንዱ ሳይሸሽ ቀረ። ጭራውን እየቆላ መጥቶ ጫማዬን ላሰኝ። የመጋዘኑ ጥበቃ ጋሼ ታደሰ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል።

«ይሄኛው ሰው ይወዳል» አሉኝ።

«ምን ይሻለዋል ጋሼ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እንዲህ ያለው እዚህ አይበረክትም።»

ቤት እንዳልወስደው አከራዬ ውሻ አትፈቅድም። ሰው መፍራት ይልመድ ብዬ ጠጠር አንስቼ ወረወርኩበት። ጎኑን ሲያገኘው ጮኾ ከመኪናው ሥር ገባ። ጋሼ ታደሰ ፊታቸውን አዞሩ።

ትንሽ ቆይቶ ጭራውን እየቆላ ተመለሰ። ሁለተኛ ጠጠር አነሳሁ፤ መወርወር ግን አቃተኝ። ጠጠሩ አሁንም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋትም የማልፈው በዚያው ነው።